የግሪክ ስም ያጣው ራስ ምታት

ምላሷ ከወስፌዋ የሰላ አንዲት ጆንያ ሰፊ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ራሷን ክፉኛ አመማትና የሦስት ቀን ዕረፍት ለመጠየቅ ወደ ፋብሪካው ሐኪም ገባች። ሐኪሙ ዶክተር ይኄይስ የግሪክና የላቲን ቃላት ሥር ለተለማማጆቻቸው ሲተነትኑ በሽተኛቸውን የሚረሱ ሰው ነበሩ።

«ምንሽን ነው?» አሏት።

«ራሴን ነው ዶክተር፤ ወፍጮው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚፈጭ ይመስለኛል።»

«ይሄ የገበያ ወሬ ነው። በሽታ የሚባለው የግሪክ ስም ሲኖረው ነው። ስሙን ካልነገርሽኝ ዕረፍት የለም፤ ወደ ጆንያሽ ተመለሺ።»

ተለማማጆቹ ሣቁ። ሴትዮዋ ግን አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «እርስዎ ያስተምሩኛ» አለች።

ዶክተሩ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «ሴፋላልጂያ ይባላል። ‹ኬፋሌ› ራስ ነው፤ ‹አልጎስ› ሕመም። ሥሩን ያወቀ ሰው ቃሉ አይጠፋውም።»

«ሁለቱ ሲገጠሙ ታዲያ ምን ማለት ነው?»

«ራስ ሕመም።»

«እንግዲያው ግሪክ አገር ደርሶ የተመለሰው የኔው ራስ ሕመም ነው» አለች ሴትዮዋ። «ይህን ሁሉ መንገድ ለተጓዘ ሕመም ደግሞ ሦስት ቀን ዕረፍት ያንሰው እንደሆነ እንጂ አይበዛበትም።»