ዜሮ የተባረረበት ቤት

እናንተ ልጆች፣ ቀረብ በሉና ስሙ። ተረቱ መራራ ነው፤ የማይችል አሁኑኑ ይነሳ።

ድሮ ድሮ፣ ፊደል እንደ ሰው ጎጆ ቀልሶ በሚኖርበት ዘመን፣ በአንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሜሞሪ የሚባል መንደር ነበር። ክፍሎቹ ሁሉ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ናቸው። በአንዱ ባለ አራት ክፍል ቤት እመት ሰ፣ አያ ላ እና ጋሽ ም ይኖሩ ነበር፤ አብረው ሲጠሩ «ሰላም» ይባላሉ። አራተኛው ክፍል የዜሮ ነው። ዜሮ ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ቃሉ እዚህ ያልቃል ብሎ መቆም።

የመንደሩ ለፋፊ ጉንዳን ነበር። ጉንዳን መቁጠር አያውቅም፤ የማን ቤት ነው ብሎም አይጠይቅም። ከመጀመሪያው በር ይነሳና በየክፍሉ ያገኘውን ፊደል ጮኾ እየጠራ ይሄዳል። ዜሮን ሲያገኝ አፉን ዘግቶ ይመለሳል። የመንደሩ ወግ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ታ የምትባል ቆንጆ ፊደል መጣች። «እሷ ብትጨመርልን እኮ ሰላምታ እንባላለን!» ተባባሉ። ክፍል ግን የለም። ሁሉም ወደ ዜሮ ዞሩ።

«ለመሆኑ አንተ ምን ትሠራለህ?» አለች እመት ሰ።

«ስትጠራ እንኳ ሰምተን አናውቅም» አለ አያ ላ።

«ቦታ ማጣበብ ነው እንጂ!» አለ ጋሽ ም። እሱ እንኳ፣ የግድግዳ ተጋሪው!

«እኔ ከወጣሁ ጉንዳን አይቆምም» አለ ዜሮ። ሳቁ።

«ካልቆመ ከኔ ክፍል ቀጥሎ ያለችው ጎረቤታችን እትዬ ጃርት ቤት ይገባል» አለ። አሁንም ሳቁ።

«እሷ ቤት ደግሞ የጎተራዋ የይለፍ ቃል አለ!» አለ። ይሄኔ ተነሥተው ገፍትረው አስወጡት፤ ታን በክፍሉ አስገቡ።

ዜሮ ሆዱ ቆሰለ። ከእትዬ ጃርት ግድግዳ ሥር ሄዶ ተቀመጠና «ይዩት! ዋጋዬን ያኔ ያውቁታል» እያለ መጠበቅ ጀመረ።

ጉንዳን መጣ። «ሰ! ላ! ም! ታ!» አለ። ፊደሎቹ አጨበጨቡ። ጉንዳን ግን ዜሮን አላገኘምና ቀጠለ። «አ! ደ! ይ!» አለ። አፉን የዘጋው እትዬ ጃርት ቤት መጨረሻ ላይ ካለው ከሌላው ዜሮ ሲደርስ ነው። ምን ዋጋ አለው? መንገድ ዳር የተቀመጠው አያ ዝንጀሮ ሰምቷል። «አደይ» ብሎ ጎተራውን አስከፈተ። ለጃርት ልጆች ክረምት መሻገሪያ አንዲት ፍሬ እንኳ አልተወም።

መንደሩ ተሰበሰበ። ፊደሎቹ ሐፍረት አልፈጠረባቸውም። «ጥፋቱ የዜሮ ነው! በቦታው ቢገኝ ይህ ይሆን ነበር?» አሉ።

ዜሮ ተቃጠለ። «እትዬ ጃርት፣ እመኚኝ! ይህ እንደሚደርስ ሳልታክት ነግሬያቸዋለሁ!»

እትዬ ጃርት ቀና ብላ አየችው።

«ለእነሱ ነገርካቸው» አለች። «እኔ ግን ከግድግዳው ወዲህ ነበርኩ። ምነው አንድ ጊዜ የኔን በር ብታንኳኳ?»

በዚያ ክረምት የጃርት ልጆች ተራቡ፤ የመጨረሻው ልጇ አልተረፈም።

እንግዲህ ልጆች፣ አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልላችሁም፤ ይህቺን ብቻ ያዙልኝ፦ ለአጥፊ የተነገረ ምክር ለተጎጂ ስንቅ አይሆንም።