በርሜሉና ባለ ነጠብጣቧ ትንኝ

ተረት ተረት! ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የማወራው ስለ አንድ በርሜል ጸጸት ነው።

ዕቃ ከሰው በሚነጋገርበት ዘመን፣ ፀሐይ ድንጋይ በምታግልበት ቆላ ከተማ፣ እትዬ ሽታዬ ከአንድ ልጃቸው ከዘቢደር ጋር ይኖሩ ነበር። ደጃቸው ላይ በርሜል አለ። ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ስለሆነ በአሮጌው ላይ አዲሱን ይጨምሩበታል እንጂ ታጥቦ አያውቅም። የቆላ ሰው ውኃ ይደፋል እንዴ? ክዳኑን ደግሞ የበርበሬ ማስጫ አድርገውታል።

በርሜሉ ኩራተኛ ነበር። “እንደ ሰፈሩ ኩሬ ጭቃ የለብኝ፣ እንቁራሪት አይንጫጫብኝ!” ይላል።

አንድ ቀን እግሯ ነጠብጣብ ያለበት ትንኝ መጣች።

“ጋሼ በርሜል፣ እንደ እርስዎ ያለ ንጹሕ የት ይገኛል? አንዴ ልረፍ?”

“ዕረፊ።”

በማግስቱም፣ “ጋሼ፣ እንቁላሎቼን ጎንዎ ላይ ልለጥፍ?”

“ለጥፊ።”

በሦስተኛው ቀን፣ “ልጆቼ ውኃዎ ውስጥ ይደጉ?”

“ይደጉ።”

ክዳኑ በበርበሬ ታፍኖ፣ ድምፁ ከበርሜሉ ሳያልፍ፣ “ኧረ ተው! ‘ክዳኔን አምጡ’ በላቸው!” አለው።

“አንተ በርበሬህን ጠብቅ!” አለው በርሜሉ።

ዘቢደር ቀን ቀን በርሜሉ አጠገብ ተቀምጣ ለሠርጓ የትራስ ልብስ ትጠልፋለች። ለማታው አጎበር አላት፤ ቀኑን ማን አሰበው? ትንኟ በጠራራ ፀሐይ ነከሰቻት። ትኩሳት ያዛት፤ ዓይኗን ከውስጥ ወጋት፣ አጥንቷ ሁሉ የተሰባበረ መሰላት። ሰፈርተኛውም በየቤቱ ወደቀ።

“ትንኝ የሚያፈላብን ኩሬው ነው!” ብለው አካፋ ይዘው ወጡ።

“ኧረ እኔ አይደለሁም! አላውቃትም!” እያለ ኩሬው ተደፈነ።

በርሜሉ ይሰማል። ቢናገር ይደፉታል፣ በአሸዋ ይፈትጉታል፣ በአፉ ይገለብጡታል። አፈረና ዝም አለ።

ዘቢደር ግን ዳነች። እናቷ፣ “አንዴ የያዘ በሽታ ዳግም አይመለስም!” ብለው እልል አሉ።

ትንኟ ሳቀች። “ጋሼ፣ እኔ የምሸከማቸው ትኩሳቶች አራት እህትማማቾች ናቸው። የገባችው አትመለስም፤ እህቷ ስትመጣ ግን ብዙ ጊዜ ትከፋለች።”

በርሜሉ ደነገጠ። “በይ ውጪልኝ!”

“ብወጣስ? እንቁላሎቼ ደርቀውም ጎንዎ ላይ ይቆያሉ።”

ክዳኑ፣ “ዛሬ እንኳ ተናገር!” አለው።

“ነገ” አለ በርሜሉ፤ “ነገ እናገራለሁ።”

በዓመቱ ዘቢደር ዳግመኛ ወደቀች። ድዷ ደማ። ትኩሳቱ ሲለቃት፣ ተሻላት ሲሉ፣ እጅ እግሯ ቀዘቀዘ። በዚያው አሸለበች።

ያኔ በርሜሉ ጮኸ። “እኔ ነኝ! ድፉኝ! ፈትጉኝ!” ግቢው በለቅሶ ተሞልቶ ማን ይስማው?

እትዬ ሽታዬ የልጃቸውን ገላ ሊያጥቡ ጣሳ ይዘው መጡ። “ደግነቱ ንጹሕ ውኃ አለኝ” እያሉ ቀዱ። በርሜሉ ያን ቀን ከሥሩ ተጨልጦ ባዶውን ቀረ።

እስከ ዛሬም ባዶ በርሜል ስትመቱት “እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!” ይላል። ምን ያደርጋል፤ ዘቢደር አትሰማው።

እንግዲህ ንጹሕ ነኝ ያለ ጎኑን ይፈትሽ፤ ነገ እናገራለሁ ያለም ለቀብር ይደርሳል። እኔ ተረቴን መልሱልኝ አልልም፤ የበርሜላችሁን ክዳን መልሱ።