መጫኛውን ማን ይያዝ?

ተረት ተረት።

፦ የላም በረት።

በረቱ ውስጥ ማን አለ?

፦ ላሟና ጥጃዋ።

ላሟን ጅብ ከበላትስ ጥጃዋን ማን ይጠብቃታል?

 ዛሬ የማወራላችሁ እሱን ነው። አንተ ምናሉ፣ እህትህን አትግፋት። አጎዛው ለሁለት ይበቃል። እንዬ ወደኔ ተጠጋች ብለህ ፊትህን አታጥቁርብኝ። ተረቱም እንዳንተ ፊቱን ስላጠቆረ ሰው ነው።

በድሮ ዘመን፣ ገደል ሥር ባለ አንድ አገር ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ቢረሳው ይባላል፤ ታናሹ ውብነህ። የአገሩ ሰው የሚኖረው በገደል ማር ነበር። ንቡ ከገደሉ ወገብ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይሰፍራልና ማሩን ለመቁረጥ ሰው በገመድ መውረድ ነበረበት። ገመዱም ከበሬ ቆዳ የተገመደ መጫኛ ነው። አንዱ ወገቡን በመጫኛው አስሮ ይወርዳል፣ ሌላው ገደሉ አናት ላይ ሆኖ ይይዛል።

መጫኛውን ማን ይይዛል ብትሉኝ፣ ባዳ አይዝም። ሥጋ ነው የሚይዝ። ወንድም ለወንድሙ ይይዛል፤ ወንድም ከሌለም ያጎቱ ልጅ። ባዳ ቢይዝ ይለቃል ብለው ይፈሩ ነበር። ሰው ሲሞትም መሬቱን የሚወስደው፣ ልጁን የሚያሳድገው ያው የቅርብ ሥጋው ነው። እና ልብ በሉ፤ መጫኛ ያዡና ወራሹ አንድ ሰው ነበር። ያን ያህል ዘመን ሲኖሩ ይህን ነገር ያሰበው የለም። እኔ ብኖር አስበው ነበር፣ ግን ያኔ አልተወለድኩም።

ቢረሳው ገደል ይፈራል። ቁልቁል ሲያይ ራሱን ያዞረዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚወርደው ውብነህ፣ የሚይዘው ቢረሳው ነው። ውብነህ አቁማዳውን ማር ሞልቶ ሲወጣ አባታቸው ይስመውና የመጀመሪያውን ማር ከነሰፈፉ ቆርሶ ያጎርሰዋል። ሴቶቹ እልል ይላሉ። ጎረቤቱም፣ ወንድ ማለት እሱ ነው ይላል። ቢረሳው መዳፉ በመጫኛው ተልጦ ቆሞ ያያል። እጅህን ይባርከው ያለው ሰው የለም። አንድም ቀን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ ያንገበግባል። አባትዮው አጥፍቷል፣ ነፍሱን ይማረውና።

ከዚያም አባታቸው ሞተ። ቅናቱ ግን አልሞተም። ውብነህ አገባና ቢረሳው ቀና። ውብነህ ትርንጎ የምትባል ልጅ ወለደ፣ ለቢረሳው ግን እግዜር ልጅ አልሰጠውምና አሁንም ቀና። የውብነህ ሚስት በዚያው በወሊድ ሞተችና አገሩ ሁሉ ውብነህን አይዞህ አለው። በዚህም ቀና። አታምኑኝም መቼም፤ በሐዘኑ እንኳን ቀናበት። እኔን አይዞህ ያለኝ ማን አለ ይል ነበር ለብቻው።

ትርንጎ ሰባት ዓመት ሞላት። በዚያ ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ ወንድማማቾቹ ለማር ወጡ። ውብነህ ወረደና ከሥር ተጣራ፦

፦ ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገኝ። ዘንድሮ ለጉድ ነው። ለትርንጎዬ ነጩን አገኘሁላት።

ቢረሳው መዳፉን አየ። ደምቷል። ለማን ብዬ ነው የምደማው አለ በልቡ። ከዚያም ለቀቀው።

ታች ወንዙ ዳር ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ሲወድቅ አዩት። መጫኛው ተበጥሶ ቢሆን ግማሹ ገደሉ አናት ላይ ይቀር ነበር። አልቀረም፣ ሙሉው እስከ ጫፉ ወረደ። ቢረሳውም ሲጠይቁት አልካደም።

፦ ለቀቅሁት፣ አለ። ቀንቼ ነው።

በዚያ አገር ገዳይ ካሳ ከፍሎ ይታረቃል። ካሳው አሥር ላም ነው። ቢረሳውም አሥር ላም ነዳ። ለማን? ለሟች ወራሽ። የሟች ወራሽ ማን ነው? የቅርብ ሥጋው። ልጁ ገና ሕፃን ናት፤ ከሷ ሌላ የቅርብ ሥጋው ማን ነው? ራሱ ቢረሳው። ላሞቹ በጓሮ ወጥተው በደጅ ገቡ። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ግን አያስቅም። ቢረሳው ከሰባቱ ያገር ሽማግሌዎች ፊት ቆመና እንዲህ አለ፦

፦ ደሙን አድርቄያለሁ። አሁን የወንድሜን መሬትና ልጁን ስጡኝ። ልጅቱ እኔ ቤት ትደግ።

የዚያ አገር ሕግ ሴት ልጅ እስክታገባ መሬቷን አሳዳጊዋ ይይዝላት ይላል። ሳታገባ ብትሞት ግን መሬቱ እዚያው ለአሳዳጊዋ ይቀራል። ገባችሁ? ትርንጎ ከሞተች ለቢረሳው ትርፍ ነው።

ትርንጎ ያን ጊዜ የእናቷ እህት ቤት ነበረች። አክስቲቱ አንጓች ትባላለች፣ መካን ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ልጅቱ የአክስቷን መቀነት ይዛ አትለቅም። አንጓች ውኃ ስትቀዳ ይዛ ትከተላታለች፣ ስትፈጭም ይዛ ከጎኗ ትቀመጣለች። ልቀቂኝ እንጂ ሥራ ልሥራ ብትላት አትሰማም።

ሽማግሌዎቹ ግራር ሥር ተቀመጡና ሦስት ቀን ተከራከሩ። ትልቃቸው አባ ጠና ነበሩ። አፋቸው የሚፈጥነው ግን አያ ደምሌ ነው።

፦ ሕጉ ግልጥ ነው፣ አለ አያ ደምሌ። የቅርብ ሥጋ ይወርሳል። ገዳይ አይወርስም የሚል ካባቶቻችሁ ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም።

፦ ይደረጋል ብለው አላሰቡማ፣ አለ አንዱ።

፦ እነሱ ያላሰቡትን እኛ ማን ሆነን ነው የምናስብ?

፦ ልጅቱስ? አሉ አባ ጠና።

፦ አጎቷ ነው፣ ይበላታል እንዴ? ካሳውን ከፈለ፣ ታረቀ። የታረቀን ሰው አላምንህም ማለት ነውር ነው።

አያ ደምሌ ምን ነክቶት እንዲህ እንደተከራከረ ልንገራችሁ? ወንድሙ ባለ ሁለት በቅሎ ነው። ደምሌ ደግሞ የወንድሙ መጫኛ ያዥ ነው። ሊገድለው አስቦ ነበር ብዬ ሰው አላማም። ግን ወንድሙ በበቅሎ ሲያልፍ ባየ ቁጥር አንድ ቀን በቅሎዎቹ ለኔ ይሆናሉ ይላል። ከሰባቱ ስንቱ እንዲህ እንደነበር አላውቅም። ብቻ ሕጉ ይነካ ለማለት የሁሉም አፍ ከበደ። በሦስተኛውም ቀን ለቢረሳው ሊፈርዱ ሆነ።

ይህን ጊዜ አንጓች መጣች። ትርንጎን ጎረቤት ትታለች፤ መቀነቷን ለማስለቀቅ የልጅቱን ጣት አንድ በአንድ ፈልቅቃ። ትከሻዋ ላይ መጫኛ ተሸክማለች። ከግራሩ ጥላ ውጭ ቆመችና መጫኛውን ሽማግሌዎቹ መካከል ጣለችው።

፦ አባቶቼ፣ አንድ ነገር ነበረኝ።

፦ እዚህ ሴት አትናገርም፣ አለ አያ ደምሌ።

፦ አልናገርም። ልለምን ነው።

፦ ለምኚ ልጄ፣ አሉ አባ ጠና።

፦ የውብነህ አርባ ደርሷል። ለተዝካሩ ጠጅ ማር የለኝም። ማሩ ገደሉ ላይ እንዳለ አለ፤ ይኸው ደግሞ የራሱ መጫኛ። ከናንተ አንዳችሁ ይውረድልኝ። መጫኛውን ቢረሳው ይይዛል። ያው ልማዱ ነው።

 አባ ጠናም ዞር አሉና፦

፦ ደምሌ፣ የታረቀ ሰው ይታመናል ያልክ አንተ ነህ። ተነሥ፣ አሉት።

አያ ደምሌ እንቢ እንዳይል አፈረ። ተነሣና ሁሉም ተከትለውት ገደሉ አናት ወጡ። መጫኛውን ወገቡ ላይ አሰረ። ቢረሳውም ሌላውን ጫፍ ያዘ። አያ ደምሌ ወደ ገደሉ አፍ ሁለት እርምጃ ሄደ። ዞሮ የቢረሳውን እጅ አየ። ደግሞ ቁልቁል አየ።  ከዚያም ቋጠሮውን ይፈታ ጀመር።

፦ አልወርድም፣ አለ።

፦ ለምን? አለች አንጓች። ካሳ ከፍሏል እኮ። ታርቋል እኮ።

፦ አልወርድም አልኩሽ።

፦ አንተ ጎልማሳው የፈራኸውን እጅ፣ የሰባት ዓመቷ ልጅ እስክታገባ ልትኖርበት ነው? ወንድሙን የለቀቀ እጅ እሷን እንደሚይዝ በምን አወቃችሁ?

አያ ደምሌ መጫኛውን ከወገቡ ፈትቶ ጣለ። ቢረሳው ግን ፊቱ ጠቆረ፦

፦ እሷም መሬቱን ፈልጋ ነው። ሁላችሁም ውብነህን ነው የምትወዱ። ሞቶም እሱን ነው።

፦ ቅናትን አንተ ብቻ አታውቀውም፣ አለችው አንጓች። እህቴ ስታረግዝ ሆዷን እንዳላይ ፊቴን አዞር ነበር። ይህ ልጅ የኔ በሆነ ብያለሁ። ይኸው ሆነልኝ፣ እህቴም የለችም። ይህን ይዤ ነው የምኖረው። መሬቱ ግን ይቅርብኝ። ልጅቱ ብትሞት አንዲት ጭብጥ አፈር እንዳይደርሰኝ አሁን አስምሉኝ።

እዚያው ገደሉ አፍ ላይ አስማሏት። ከዚያም አባ ጠና ተናገሩ፦

፦ ደም ያፈሰሰ ሰው፣ ደሙን ያፈሰሰበትን አይውረስ። ልጅንም በሞቷ የሚጠቀም አያሳድጋት። መሬቱም አሥሩም ላም የትርንጎ ናቸው፤ እስክታድግ እኛ ሰባታችን እንጠብቃለን። ከእንግዲህ መጫኛንም ወራሽ አይያዝ፣ ባዳ ይያዝ።

መጀመሪያ ይሁን ያለው አያ ደምሌ ነው። ሰዎቹም ወደ መንደሩ ተመለሱና ቢረሳው መጫኛውን እንደያዘ ብቻውን ቀረ።

አንጓች ስትመለስ ትርንጎ ጎረቤት ደጅ ቆማ ነበር። ሮጣ መጣችና መቀነቱን ጨበጠች።

፦ አክስቴ፣ ልሄድ ነው?

፦ ወዴት?

፦ ጋሼ ቢረሳው ቤት።

፦ አትሄጂም። እኔ ጋ ነሽ።

፦ ነገስ?

፦ ነገም እኔ ጋ ነሽ።

 ትርንጎ መቀነቱን ለቀቀችና ከልጆቹ ጋር ልትጫወት ሄደች።

ለተዝካሩ አንድ ጎረቤት ወረደ፣ አንድ ባዳ ያዘለት። ማሩ ሲወጣ አንጓች ከነሰፈፉ ቆረሰች። ሁሉም ለወረደው ታጎርሳለች ብለው ሲጠብቁ፣ አልፋው ሄደችና መጫኛ ለያዘው አጎረሰች። እጅህን ይባርከው አለችው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በዚያ አገር መጀመሪያ የሚጎርሰው ያዡ ነው።

ቢረሳው ከሩቅ ቆሞ አየ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ያቺን አንዲት ጉርሻ ነበር። ባዳ ጎረሳት። በዚያም ቀና፣ ግን መጫኛዬን ያዝልኝ የሚለው ሰው ከዚያ በኋላ አላገኘም።

በሉ አለቀ። ምናሉ፣ ና ወደዚህ። እንዬ ሆይ፣ ጠጋ በይለት። ተረቴን መልሱ፣ ቂጣ በማር አጉርሱ። አይ፣ ቆዩ፣ እኔን አይደለም፤ መጀመሪያ ምናሉን። እጅህን አሳየኝ እስቲ። ክረምቱን ሙሉ እንጨቴን የለቀመልኝ ይህ እጅ ነው፣ እኔም እስከ ዛሬ ይባርከው አላልኩትም።