ያልመጣችው ምስክር

ተረት ላወራችሁ ነው፤ የሰማ ለልጁ ያውራ።

ቁራና ሚስቱ ተጣልተው ጎጆ ለዩ። ጫጩታቸውን ማን ያሳድግ በሚለው ግን አልተስማሙምና ዳኛዋ እመት ኤሊ ዘንድ ቀረቡ።

«ያለ እኔ አንድ ቀን አያድርም» አለች እናት።

«ከዓይኔ ከራቀ እሞታለሁ» አለ አባት።

ሁለቱም ምስክር አድርገው የቆጠሩት ጎረቤታቸውን ርግብን ነበር።

«ታዲያ ርግብ የታለች?» አለች ኤሊ።

ቁራ ተናደደ። «ሦስት ቀን ሙሉ ለመንናት። ‹ጫጩታችሁን ለማን ትቼ ልምጣ?› ብላ ቀረች።»

«እንግዲያው ምስክርነቷን ሰምተናል» አለች ኤሊ።

ጫጩቱ ርግብ ዘንድ እንዲያድግ፣ ወላጆቹም ቀለብ እንዲያመጡለት ተፈረደ። ቁራና ሚስቱ እስከ ዛሬ ድረስ በየማለዳው አንዳንድ ትል ይዘው ርግብ ደጅ ይቆማሉ። ማን ቀድሞ እንደ ደረሰ ግን ገና አልተስማሙም።