ደንበኛ የማይጠራበት ተራራ

አንድ የሸማ ነጋዴ ነበር፤ አስናቀ ይባላል። በከተማው ትልቁ ሱቅ የእሱ አልነበረም፤ ትልቁ ድምፅ ግን የእሱ ነበር። ጠዋት በሩን ሲከፍት «ና የኔ ጌታ፣ ነይ የኔ እመቤት፣ ሳያዩ ማለፍ የለም» እያለ አላፊ አግዳሚውን ያስቆማል። ጀርባውን ያዞረ ደንበኛ ካለ ደግሞ እስከ አስፋልቱ ዳር ተከትሎ፣ ክንዱን ይዞ፣ እየሳቀ ይመልሰዋል። ዋሽቶ የማይሸጥ፣ ሰው የሚወድ፣ እጁ የማይሰስት ሰው ነበር። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ዝም ማለት አይችልም። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ ከሐዘንተኛው በላይ የሚናገረው እሱ ነው።

ይህ ነጋዴ ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፈች ትርንጎ ያደገችው ሱቅ ውስጥ፣ በጋቢ ክምር ላይ እየተኛች ነው። ጎበዝ ተማሪ ሆነችና ሕክምና ልትማር ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከዚያ ወዲህ አስናቀ «ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው» ሳይል አንድ ነጠላ ሸጦ አያውቅም።

አንድ ክረምት ትርንጎ ለእረፍት ስትመጣ ግን ሌላ ሰው ሆና መጣች። ምግብ ትነካካና ትተወዋለች። «ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ምንም» ትላለች። አስናቀ ጨነቀው። ጫማ ገዛላት፤ በግ አረደላት፤ በራፏ ላይ ቆሞ ስለ ሕይወት ውጣ ውረድ ረጅም ምክር መከራት። ልጅቱ የባሰውን በሯን ዘጋች። አባትም የባሰውን ተናገረ። ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ እንዳያጣት ፈራ።

አንድ ደንበኛው በአንድ ተራራ ላይ ስላለው የዱር እንስሳት መጠበቂያ ፓርክ የነገረው በዚህ መሐል ነው። «ሐሳብ የያዘው ሰው እዚያ ወጥቶ ዋልያ ካየ ቀልሎት ይመለሳል» አለው። አስናቀ ሌላ ምስክር አልፈለገም። በማግስቱ ልጁን ይዞ፣ ስንቅና ጋቢ አስጭኖ ወደ ተራራው ወጣ።

የፓርኩ ደንብ እንግዳን ያለ ጠባቂ አያስገባም። የደረሳቸው ጠባቂ ፈንታው የሚባል፣ ጠመንጃውን በትከሻው አግድም የሚያንጠለጥል፣ ለምንም ነገር የማይቸኩል ሰው ነበር። መንገድ ከመጀመራቸው በፊት «ጋሼ፣ እዚህ ቀስ ማለት ነው» አላቸው። አስናቀ «ቀስ እንላለን እንጂ፣ ምን ገዶን» አለና ስለ ቀስታ ጥቅም እስከ መጀመሪያው አቀበት ድረስ አስረዳው።

አቀበቱን እንደወጡ አንድ መንጋ ጭላዳ ዝንጀሮ ሜዳው ላይ ተበትኖ ሣር ሲነጭ አገኙ። አስናቀ ዳቦ ከከረጢቱ አውጥቶ «ኑ የኔ ቆንጆዎች፣ ኑ» እያለ ወደ መሐላቸው ገሰገሰ። መንጋው በአንድ ጊዜ ገደሉ ጫፍ ደርሶ ቁልቁል ተሰወረ። ፈንታው ዳቦውን ተቀብሎ «ለዱር እንስሳ ምግብ አይሰጥም፤ ደንብ ነው» ብሎ ወደ ከረጢቱ መለሰው። ቀጥሎ አንዲት ቀይ ቀበሮ ጓሳው ውስጥ አይጥ ልትይዝ ስታደባ አገኙ። አስናቀ «ትርንጎዬ፣ ያቻትልሽ» አለ። ከቀበሮዋ የቀረው የሣሩ መወዛወዝ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከገደሉ አፋፍ በታች አንድ ዋልያ ታየ። ዋልያው ሰዎቹን አየና ፊቱን አዞረ። ይኼን ጊዜ አስናቀ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረውን ሠራ፤ ጀርባውን ያዞረውን ተከተለ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ እግሩ ሥር ያለው ጠጠር ተንሸራተተ፤ ፈንታው በጋቢው ጫፍ አፈፍ አድርጎ ባይጎትተው ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

ፈንታው የአስናቀ ትንፋሽ እስኪመለስ ጠብቆ «ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» አለው።

«ሊሄድብኝ ነዋ። ደንበኛ ፊቱን ሲያዞር ቆመህ ካየኸው አለቀ፣ ሄደ ማለት ነው።»

ፈንታው ሳቀ። «እዚህ እኮ ነጋዴው እርስዎ አይደሉም። ገበያተኛው ዋልያው ነው። እርስዎ ዕቃው ነዎት።»

«እኔ ዕቃ?»

«ዕቃ ነዎታ። ከሩቅ ያይዎታል፣ ያሸትዎታል፣ ከወደደዎት ይቀርባል። የእርስዎ ጋቢ ከመደርደሪያው ወርዶ ደንበኛ ሲያባርር አይተው ያውቃሉ?»

ትርንጎ ሳቋ አመለጣት። አባቷ ዘወር ብሎ አያት። ያንን ሳቅ ከሰማ ስንት ጊዜው ነው። እንኳን ዕቃ፣ ድንጋይ ሁን ቢሉት በዚያች ሰዓት ይሆን ነበር። «እሺ» አለ፤ «ነገ ጋቢ ነኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ፈንታው ጅባራ የሚባለው ረጅም ተክል በበዛበት አንድ ሸንተረር ላይ አስቀመጣቸውና እሱ ራቅ ብሎ ጋደም አለ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዝምታው አስናቀን እንደ ጠባብ ጫማ አስጨነቀው። ንስር በላዩ ሲያልፍ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ከታች ያለው ደመና ሲገለጥ የጋቢውን ጫፍ ነከሰ። በሱቁ ያሉትን የጥለት ዓይነቶች በሐሳቡ ጠራ፤ ሲጨርስ እንደገና ጀመረ። ትናንት የሸሹት ጭላዳዎች በዚህ መሐል አንድ በአንድ ተመልሰው መጡ። አንዲት እናት ግልገሏን በጀርባዋ አዝላ ከጫማው አጠገብ ሣር መንጨት ጀመረች። አንዷ ታጉረመርማለች፤ እሷ ዝም ስትል ሌላዋ ትመልሳለች። አስናቀ ይህን አይቶ ትንሽ ደነቀው። በቤቱ ወግ እንዲህ አልነበረም።

«አባዬ» አለች ትርንጎ፣ ዓይኗን ከጭላዳዎቹ ሳትነቅል፤ «አንድ ነገር ልንገርህ?»

«ለእኔ ካልነገርሽ ለማን ልትነግሪ ነው» የሚለው ንግግር ምላሱ ላይ ተደርድሮ ነበር። ግን ዛሬ ጋቢ ነው። አንገቱን ብቻ ነቀነቀ።

«ሕክምናውን ትቼዋለሁ። ከፋሲካ በፊት ነው ያቋረጥኩት።»

አስናቀ የትናንቱ ጠጠር ዳግመኛ ከእግሩ ሥር የከዳው መሰለው። ለከተማው ሁሉ ያወራው ነገር፣ የሚስቁበት ሰዎች፣ የልፋቱ ዓመታት በአንድ ጊዜ መጡበት። ትርንጎም ረጅሙ ምክር እስኪጀምር ጠበቀች። አስናቀ የመጣበትን ሁሉ እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠና በሕይወቱ ለማንም ብሎት የማያውቀውን ቃል አለ።

«ከዚያስ?»

ልክ ይህን እንዳለ፣ ከልጅቱ ትከሻ ኋላ፣ ከገደሉ አፋፍ ሁለት ቆልማማ ቀንዶች ብቅ አሉ። ቀጥሎ ጢሙ፣ ቀጥሎ ደረቱ። አንድ ትልቅ ወንድ ዋልያ ወጥቶ ድንጋይ ቢወረውሩት በሚደርስበት ቦታ ቆመና ተመለከታቸው። የመጡበት፣ የደከሙለት ዋልያ ነው። የአስናቀ እጅ ለማሳየት ተነሣ። ነገር ግን ትርንጎ መናገር ጀምራ ነበር። «ያውልሽ» ካለ ዋልያው ይሄዳል፤ የልጁም ቃል አብሮት ይሄዳል። እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ትምህርቱ ከብዶኝ አይደለም፣ አባዬ። ጠዋት ስነሣ የማስበው ስለ ጥለት ነው። አንተ ደንበኛ ስትጠራ እኔ ከመደርደሪያው ሥር ሆኜ ሰዎቹ የትኛውን ነጠላ ደጋግመው እንደሚነኩ አይ ነበር። እንዳንተ ነጋዴ መሆን ነው የምፈልገው። ግን ሁልጊዜ 'እኔ የጮህኩት አንቺ እንዳትጮሂ ነው' ትላለህ። ይህን እየሰማሁ እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ዋልያው ትንሽ ሣር ቀጨ፤ ማንም አልከለከለውም። አስናቀ ልጁን እቅፍ አድርጎ ብዙ ቆየ፤ ኀፍረቱም ቁጣውም እያደር የሚቀል ሆኖ ተሰማው፤ ልጁ አጠገቡ ናት። በመጨረሻ «አንቺ ያወጣሽው ጥለት አለ?» ብሎ ጠየቃት።

ትርንጎ ከቦርሳዋ አንድ ነጠላ አወጣች። ሸማኔ ዘንድ ሄዳ ራሷ ያሠራችው ነበር። አስናቀ ተቀበላት። ጥለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ገልብጦ በግራው በኩል አየው፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ ድርና ማጉን መረመረ። ነጋዴ እንጂ አባት ሆኖ አላየውም፤ ልጅቱም ይህን ታውቃለችና ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

«ይሄ» አለ በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብሎ፤ «ደንበኛ ሳይጠሩለት የሚሸጥ ሸማ ነው።»

ቀና ሲሉ ዋልያው ሄዷል። ሲወርዱ ትርንጎ «ዋልያ በቅርብ ሳናይ መመለሳችን አላናደደህም፣ አባዬ?» አለችው። ጋደም ብሎ ሁሉን ያየው ፈንታው አፉን ሊከፍት ሲል አስናቀ በዓይኑ ከለከለው። «አላናደደኝም» አለ፤ ሌላም አልጨመረ። ፈንታው ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ እየሳቀ ቀደማቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንወዳቸው ሰዎች ከእኛ የሚሸሹት ሁልጊዜ ስለጠሉን አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቃላቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ አጥተው ነው፤ ቦታውን ሁሉ የእኛ ምክር፣ የእኛ ስጦታ፣ የእኛ ጭንቀት ሞልቶታል። በፍቅር የሚያባርር ሰው ደግሞ ማባረሩን አያውቀውም፤ ተከትሎ የሚሮጥ ይመስለዋል እንጂ። «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ዘንድ የዱር እንስሳ እንኳ ይቀርባል፤ የገዛ ልጅማ እንዴት አይቀርብ። የቀረበም ጊዜ፣ ስንመኘው የኖርነው ሌላ ነገር ከኋላው ብቅ ቢል እንኳ፣ ወሬውን ሳናቋርጥ እስከ መጨረሻው መስማት ነው።

እርስዎስ? አሁን በቤትዎ፣ ንግግርዎን እስኪጨርሱ ድረስ አንድ ነገር ይዞ የሚጠብቅዎት ማነው?