ወንዝ ሽቅብ የሚፈስበት አገር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬዋ ላም በረት የላትም።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ተናግሮ ሲያኮርፍ በነበረበት ዘመን፣ አያ አንበሶ ያላየው ነገር አልቆበት ዓለም ሁሉ ሰለቸው። አዋጅም አስነገረ፦ «በየተራ እየመጣችሁ የሌለ ነገር አውሩልኝ። እያወራችሁ አፌ ከተከፈተ ግን፣ ባዶውን አይዘጋም!»

መጀመሪያ አያ ጅቦ ቀረበ። «ሰማዩ አጥንት፣ ዝናቡ መረቅ የሆነ አገር አለ። ማንም አይርበውም፣ ማንም አይሞትም፣ የተመኙት ሁሉ ይሆናል።» አንበሶ አዛጋ። የአያ ጅቦም ነገር በዚያው አበቃ።

ቀጥሎ ዝንጀሮ ቀረበ። የጅቦን አይቷልና መዋሸት ፈራ። «ትናንት ገብስ በላሁ። ዛሬም ገብስ በላሁ። ነገም...» ነገን ሳያይ ቀረ።

ሦስተኛው ተራ የእመት ጃርቲት ሆነ። ጃርቲት ጡት ያልጣሉ ሁለት ልጆች አሏት። ድስቷን ጥዳ ስታለቅስ ድስቱ ተናገረ።

«ምን ያስለቅስሻል?»

«የሌለ ነገር ከየት አባቴ ላምጣ?»

«እኔስ አየር ላይ አይደለሁም እንዴ? መሬት አልነካም፤ ወድቄም አላውቅም። ለምን እንደሆነ ጉልቾቹን ጠይቂ።»

አንደኛው ጉልቻ፣ «የምታውቂውን ጥም አምጪ» አለ።

ሁለተኛው፣ «የምትሳሺለትን ልጅ አምጪ» አለ።

ሦስተኛው ግን፣ «ጀርባዬ ተቃጠለ እኮ! ስንት ዓመት ሙሉ ማን አገላበጠኝ?» ብሎ ጮኸ።

«እሱ እንዲሁ ነው» አለ ድስቱ። «አንድ ነጭናጫ የሌለበት አገር የለም፤ እሱንም ያዢው።»

ጃርቲት አንበሶ ፊት ቆመች። «ጌታዬ፣ ወንዝ ሽቅብ የሚፈስበት አገር አለ። ከብቶቹ ውሃ ለመጠጣት ዛፍ ይወጣሉ።»

«እሺ» አለ አንበሶ፣ ቀዝቀዝ ብሎ።

«አንድ ሽማግሌ በሬ አለ። ‹በእኛ ጊዜ ወንዙ ከዚህም በላይ ይወጣ ነበር› እያለ ሲነጫነጭ ይውላል።»

«ቁርጥ አጎቴን ነው!» አለ አንበሶ፣ አፉን ገጥሞ እየሳቀ።

«አንዲት ጥጃ ደግሞ አለች። የትናንት ልጅ ናት፤ ዛፍ አትወጣም። ተጠምታለች።»

«እናቷን ትጥባ እንጂ!»

«ወተቱም ሽቅብ ነው የሚፈስ።»

«እናቷ በአፏ ውሃ ታምጣላት!»

«አመጣች። ልታጠጣት አፏን ስትከፍት ሽው ብሎ ወደ ሰማይ ሄደ። ሦስት ጊዜ ወጣች፣ ሦስት ጊዜ ወረደች።»

የአንበሶ አፍ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጃርቲት ልጆቿን አስባ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተከፈተ! ተከፈተ! ትበላ!» አለ አጋፋሪው ቀበሮ።

«ዝም በል!» አለ አንበሶ፣ እንባው እየወረደ። «ጥጃዋስ? ላሟ በጀርባዋ ትተኛ! ጥጃዋ ከላይ ሆና ትጥባ! ሠራዊቴ አሁኑኑ ሄዶ ይንገራት!»

«ጌታዬ፣ አገሩ እኮ የለም» አለ ቀበሮው።

«አለመኖሩን መች አጣሁት! መንገዱን ጠይቁ ነው የምላችሁ!»

መንገዱን የምታውቅ ጃርቲት ብቻ ናትና አልተበላችም። በማግሥቱ ለአንበሶ ቁርስ ጥጃ ቀረበለት። አንበሶ ትክ ብሎ አያትና፣ «መጀመሪያ ወተት አጠጧት» አለ። ከጠጣች በኋላም ሊበላት አልቻለም።

ድስቱ ውሸት ቢሆን ጉልቻው እውነት ይሁን። ተረቴን መልሱ፤ የኔ ዳቦ ይቅርና ለጥጃዋ ውሃ አድርሱ።