ፍሪሲዮኑን ያቃጠለችው ሴት

አንዲት ሴት የስፖርት መኪና ገዛች። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ስትነሳ የተኛ ሰፈር የምትቀሰቅስ መኪና። አትሳቁ ወገኖቼ፤ ላቧን አንጠፍጥፋ ነው የገዛቻት። ሻጮቹ ዋራንቲ ሰጧት። "በራሷ ከተበላሸች በነፃ እንጠግናለን፤ ውድድር ላይ ከዋለች ግን አያገባንም" አሏት። ይኼ ግልጽ አይደለም? በጣም ግልጽ ነው።

አንድ ቀን መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው ፍሪሲዮኗ ተቃጥሏል። ሴትዮዋ አስጎትታ ወሰደቻትና "በራሷ ቆመችብኝ" አለች። ሻጮቹ "አስጨንቀሽ ነድተሻታል" አሉ። አልነዳሁም፣ ነድተሻል፣ አልነዳሁም፣ ነድተሻል፤ ነገሩ ከረረ።

እኛ አገር ነገር ሲከር ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካላ! ለጋብቻ ሽማግሌ፣ ለድንበር ሽማግሌ፣ ለፍሪሲዮንም ሽማግሌ። አባቷ ጋሽ ተክለወልድ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ፣ ማንንም ለምነው የማያውቁ ሰው ናቸው። ለልጃቸው ሲሉ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው የሻጮቹ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገቡ። እሷም አብራ ገብታ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

"ልጄ፣ እስቲ እያት" አሉት ጋሽ ተክለወልድ ሥራ አስኪያጁን። "ሴት ልጅ ናት። ጉድጓድ ባየች ቁጥር ቆማ የምታልፍ ናት። እሷ ናት ፍሪሲዮን እስኪቃጠል የምትነዳው? ይኼ የወንድ ሥራ ነው። እኔ አውቀዋለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ አያትና ፈገግ አለ። "እውነትዎን ነው፣ አባቴ። እሷስ አታደርገውም። እንግዲህ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ በነፃ ትሠራለች" አለ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ "ጉልላትን ጥሩልኝ" አለ።

ጉልላት መኪናዋ ለሽያጭ ከመቅረቧ በፊት የፈተሻት መካኒክ ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። "ጌታዬ፣ እኔ በደንብ ነው ያየኋት፤ ምንም አልነበራትም" አለ። ማን ይስማው? "ፍሪሲዮኑ የተቃጠለው በአንተ ስህተት ነው። ዕቃህን ሰብስብ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለህም" ተባለ።

ወገኖቼ፣ አሁን ሴትዮዋ ምን ታድርግ? ዝም ብትል መኪናዋ ትሠራለች። ዝም ብትል የአባቷ ቃል ይከበራል። ብትናገር እኚያ ለምነው የማያውቁ አባት በእኩዮቻቸው ፊት ያፍራሉ። እናንተ ብትሆኑስ? መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ።

ተነሳች።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጉልላት ምንም አላጠፋም። በራሷ ቆመች ያልኩት ውሸት ነው። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ከከተማ ውጭ ውድድር ገብቼ ነበር። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጬ ፍሪሲዮኑን በአንዴ እለቀው ነበር፣ ደጋግሜ። ሽታው አፍንጫዬ ድረስ መጥቷል፤ አላቆምኩም። የተወዳደሩኝ ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ሁሉንም ከኋላዬ አስቀርቼ አንደኛ ወጣሁ። አሁን 'ሴት ናት፣ አትችልም' ተብዬ ነፃ ከምወጣ፣ 'አጥፍተሻል' ተብዬ ብከፍል ይሻለኛል።"

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ተክለወልድ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሰው ሁሉ ቁጣቸውን ጠበቀ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ወደ ጉልላት ዞሩ። "በእኔ አፍ ነው እንጀራህ ሊቋረጥ የነበረው። ይቅር በለኝ፣ ልጄ" አሉት። ሥራ አስኪያጁን "ዋራንቲህን ያዝ፣ እኛ እናሠራታለን" አሉት። ከዚያ ልጃቸውን አተኩረው አዩዋት።

"አንደኛ ነው ያልሽው?"

"አንደኛ፣ አባባ።"

"እኔ ለካ ልጄን አላውቃትም ነበር!" ብለው ግንባሯን ሳሟት። ኮርተው፣ ሰው ፊት አለቀሱ።

የማሠሪያው ገንዘብ እስኪጠራቀም መኪናዋ ለብዙ ወራት ሸራ ለብሳ ቆመች። ሴትዮዋ ታክሲ እየተጋፋች ሥራዋ ሄደች። ጉልላት ዛሬም ሥራው ላይ ነው። እኔ ይህችን ሴት ባሰብኳት ቁጥር ደረቴ ይነፋል! እንዲህ ዓይነት ሰው ከመካከላችን በመውጣቱ እኮራለሁ፤ እናንተም ኩሩ።

ግን ኮርታችሁ ብቻ እንዳትሄዱ። ሲሳካልን "እኔ ነኝ" እንላለን። ሲበላሽብንስ? ሰይጣን አሳሳተኝ፣ ጓደኛ ገፋፋኝ፣ ዘመኑ ነው፣ ሚስቴ ናት። ሰይጣን ራሱ ስንቱን ተሸክሞልን ደከመው! ሰው ከገነት ጀምሮ ጣቱን ሌላው ላይ መቀሰር ለምዷል።

ስሙኝ ወገኖቼ። እግዚአብሔር የሚወስን ልብና የሚሠራ እጅ ሰጥቶ ነው የፈጠራችሁ። "እኔ አይደለሁም" ባላችሁ ቁጥር ጥፋቱን ብቻ አይደለም የምትጥሉት፤ ያንን ክብር አብራችሁ ትጥላላችሁ። ምሕረቱ ብዙ ነው፤ ዘወትር እንሰብከዋለን። ግን "እኔ ነኝ" የሚል ከሌለ ማን ይማር? ማን ይቅር ይባል? ያጠፋ ሰው የለማ!

ይልቅ አሁን በልባችሁ አንድ ሰው አስቡ። እናንተ ባበላሻችሁት የተወቀሰ፣ እናንተ ዝም ስላላችሁ አንገቱን የደፋ ሰው አለ። ምናልባት ወንድማችሁ ነው፤ ምናልባት የሥራ ባልደረባችሁ፤ ምናልባት አሁን አጠገባችሁ የተቀመጠችው ሚስታችሁ ናት። ስሙን እኔ አላውቅም። እናንተ ታውቁታላችሁ። ቀና በሉና፣ ሳትንተባተቡ፣ ሄዳችሁ "እኔ ነኝ" በሉት።